«ሙያ፦ የለውም»

ባለፈው ዓመት የዝናቡ ወራት ሲገባ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አባት ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚሰጠውን የእንክብካቤ እርዳታ ቅጽ ለማስሞላት ወደ ቢሮአችን መጡ። እኛም እንደ ልማዳችን አስቀድመን የቆየ ማህደራቸውን ከመዝገብ ቤት አስወጥተን ገለጥን። ማህደሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የልጆች ብዛት በዕብራይስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ከዚያ በታች «ሙያ፦ የለውም» ይላል።

የተጻፈውን በአማርኛ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እንዴት ይሆናል? ዘጠኝ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ እኮ» አሉ።

ድሬሰር ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን መንገር ያስፈልግ ይሆናል። በሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የተማረ፣ ከዚያም በገጠር ክሊኒክ ተመድቦ ቁስል የሚያጥብ፣ የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚሰጥ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሕዝቡን ጤና የሚጠብቅ ሰው ነው። እኒህ አባት ግን እስራኤል ከገቡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ማጽዳት ነው። ሌሎች ቁስል ሲያሽጉ በበር በኩል ያዩ ነበር፤ «አንዳንዱ ጥሩ አድርጎ አያስርም» አሉን እየሳቁ።

ያን መስመር የጻፈው ክፉ ሰው አልነበረም። የእኛው የሙያ ባልደረባ ነው፤ ምናልባትም በዚያች ቀን አርባ ቤተሰብ መዝግቦ ደክሞት ነበር። የምስክር ወረቀት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለኝም ተባለ፤ የለውም ብሎ ጻፈ። በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን ይህ ጉዳይ ያሳፍረናል። እኛም ራሳችን ስንት ጊዜ እንዲሁ እንደ ጻፍን አናውቅምና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሰው ሙያ በሕዝባችን ዘንድ በምን ይመሰከር እንደ ነበረ፣ ወረቀት መቼ እንደ ገባ፣ እንዴትስ እንደ ጠፋ፣ ዛሬ ዲጂታል የሥራ ማህደር የሚባለው ነገርስ ምን ሊያደርግልን እንደሚችል ልናይ እንወዳለን። ዓመቶቹ ካላመለከትን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ አባቶቻችንን ድል ካደረገ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት አይውረስ ብሎ እንዳወጀ በትውፊት ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ አለዚያም በእጁ ሥራ ይኖራል። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ሽመና፣ ግንበኝነትና አናጢነት የቤተ እስራኤል ሙያ እየሆኑ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላም የነገሥታቱን ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ካነጹት እጆች መካከል የአባቶቻችን እጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከቤተ እስራኤል ወገን በሥራቸው ምክንያት መሬትና ማዕረግ ያገኙ አሉ። ንጉሡ ግንቡን አይቶ ሠሪውን ሾመ ማለት ነው። ይህ ግን አልቆየም። ከ1769 ጀምሮ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ የቤተ መንግሥቱ ግንባታ ቀረ፤ ግንበኛውም ወደ ማረሻና ማጭድ ተመለሰ።

አንጥረኛው ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ነው። በልጅነቱ ወናፍ ይነፋል፣ ከሰል ያቀብላል፣ ቀጥሎ መዶሻ ይይዛል። ተመረቀ የሚባልበት ቀን የለም። ገበሬው የገዛውን ማረሻ ወደ ድንጋያማው እርሻ ይወስደዋል፤ ከተጣመመ ይመልሰዋል፣ ካልተጣመመ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ሸክላ የምትሠራዋ እናትም እንዲሁ ነበረች። ገዢ እንስራውን አንስቶ በጣቱ ቋንጃ ኳ ያደርገዋል፤ ድምፁ ጥርት ካለ ይከፍላል፣ ከሸከረ ያስቀምጠዋል። ፈተናው ይህ ነበር፤ ፈታኙም ዕቃውን የሚጠቀምበት ሰው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ ዘመኑን እንደ ወርቅ ዘመን አድርጎ መተረክ ከእውነት ያርቀናል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» የወጣ ነው፤ ሆኖም በሰው አፍ ስድብ ሆነ። ቀን ማረሻውን የገዛው ጎረቤት ማታ ልጁ ሲታመምበት «ካይላው በላብኝ፣ ቡዳ ነው» ይላል። ሥራው ዕውቅና አገኘ፣ ሠሪው ግን ተነፈገ። በዚህ አገር ስለ ዕውቅና ስንነጋገር ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ የሰውን ሥራ ወዶ ሰውየውን አለመቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ከእጅ ሥራ ሌላ የቄስነትም ሙያ ነበረን። ቄስ የሚሆን ሰው ከመሎክሴ ወይም ከታላላቅ ቄሶች ዘንድ ተቀምጦ ለዓመታት ግዕዝና ኦሪት ይማራል፣ ጸሎቱን በቃሉ ያጠናል፤ መምህራኑ መርምረውት፣ ሕዝቡም ስለ ጠባዩ መስክሮለት ይሾማል። እዚህም ወረቀት የለም፤ ያስተማሩትና የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ቆመው ይመሰክሩለታል።

ወረቀት የመጣው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ነው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ሁለት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰዱ፤ ከሁለቱ አንዱ የነበሩት ታምራት አማኑኤል በኋላ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በ1955 እና በ1956 ሃያ ሰባት ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ፤ ብዙዎቹ ተመልሰው በመንደሮቻችን አስተማሪ ሆኑ። ጎንደር ላይ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ ኦርት የተባለው ድርጅት በጎንደር ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶችንና የሙያ ሥልጠናን አስፋፋ፣ በ1981 በደርግ መንግሥት እስኪዘጋ ድረስ። እንግዲህ ወደ ሱዳን መውጣት በተጀመረ ጊዜ በሕዝባችን ውስጥ ማትሪክ የተፈተነ፣ አስተማሪ፣ ድሬሰር፣ አናጢ፣ የልብስ ስፌት የተማረ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም በየሣጥኑ ነበር።

ወረቀቱ ለምን አብሮን አልመጣም? ይህን ጥያቄ ብዙ የቢሮ ሠራተኞች እስከ ዛሬ ይጠይቁናል። መልሱ አጭር ነው፤ ወረቀት ያስገድል ነበር። በደርግ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ ወደ አውራጃ መሄድ አይቻልም። አንድ ሰው የትምህርት ማስረጃውን ጠቅልሎ በሌሊት ሲጓዝ ከተገኘ፣ አገር ሊለቅ መሆኑን በእጁ የያዘው ወረቀት ይመሰክርበታል። ሱዳን ከገባ በኋላ ደግሞ በኡምራኩባና በገዳሪፍ ማንነትን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አደጋ ነበር። አንዳንዱ ቀበረው፣ አንዳንዱ አቃጠለው፣ አንዳንዱ ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ዘመዱም ተከትሎ ወጣ። በመንገድና በሰፈሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ነፍሳት እንዳለቁ ይገመታል፤ ልጁን የቀበረ አባት ዲፕሎማውን የት እንዳደረገው ሊያስታውስ አይችልም። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ የተፈቀደው የለበሱትን ይዞ መሄድ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ያተረፈውም ቢሆን ሌላ ፈተና ጠበቀው። ይህን በዝርዝር መናገር እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ የሚደርሰው ችግር ይኸው ነው። በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። እዚህ ሲደርስ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ የራሱ ስም በዕብራይስጥ ስም ተተካ። እንበልና ወርቁ አየለ ተብሎ የተማረ ሰው በቴኡዳት ዜሁቱ ላይ ኡሪ ተገኘ ይባላል። ዲፕሎማው የወርቁ ነው፣ አመልካቹ ኡሪ ነው። የቢሮው ሰው «ይህ ያንተ ወረቀት አይደለም» ቢል አይገርምም።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ1971 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ እንበል፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማለት ነው። እዚህ ሲመዘገብ የትውልድ ዓመቱ ወደ አውሮፓ ተለውጦ 1961 ተባለ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው 1971 ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ በአሥር ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃን የፈጸመ ሆነ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጥተው ሐሰተኛ ናችሁ የተባሉ ሰዎች አጋጥመውናል። ስሌቱን የሚያውቅ አንድ ሰው በቢሮው ቢኖር ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

በ1990ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ወንድሞቻችን በብዛት ሲገቡ መንግሥት ሌላ መንገድም እንዳለው አሳየ። ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ሐኪሞች ከፈቃድ ፈተናው ነፃ ሆነው፣ በሆስፒታል ውስጥ ለስድስት ወር በክትትል እንዲሠሩ ተደረገ፤ የሚፈለገው ዘመንም በኋላ ወደ 14 ዓመት ዝቅ አለ። እርግጥ እነርሱ የሠሩበትን ዘመን የሚያሳይ ወረቀት ነበራቸው። ነገር ግን ሐሳቡን ልብ እንበል፦ በወንበር ተቀምጦ ከሚመለስ ጥያቄ ይልቅ፣ ሲሠራ ታይቶ ይመዘን ተባለ። ይህ ለእነርሱ በመደረጉ አንቀናም፤ ለድሬሰሩ ለምን አልታሰበም ብለን ግን እንጠይቃለን።

ለቄሶቻችንም ዕውቅና በቀላሉ አልመጣም። በ1985 በኢየሩሳሌም በዋናው ራቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሕዝባችን ለሳምንታት የተቀመጠው ስለ አይሁድነታችን ነበር፤ የቄሶችም ጉዳይ ከዚያ አይለይም። በ1992 መንግሥት ቄሶች በሃይማኖት ምክር ቤቶች ውስጥ ተቀጥረው እንዲያገለግሉ ወሰነ። ደመወዙ መጣ፣ የማጋባት ሥልጣኑ ግን አልመጣም። እዚህም የቆየው ነገር ተደገመ፤ ሰውየው ተቀጠረ፣ ሙያው ግን ሙሉ በሙሉ አልታወቀለትም።

በሌሎች አገሮች የተደረገውንም ማየት ይገባል። ፈረንሳይ በ1934 ባወጣችው ሕግ በሥራ ላይ የበሰለ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ በመንግሥት ፈተና የመሐንዲስነት ማዕረግ የሚያገኝበትን በር ከፈተች፤ በ2002 ደግሞ በሥራ የተገኘ ዕውቀት ለማንኛውም ዓይነት ዲፕሎማ የሚያበቃበትን ሥርዓት ደነገገች። አመልካቹ የሠራውን በዝርዝር ጽፎ ማህደር ያቀርባል፣ ከዚያም በዳኞች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። በአሜሪካም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ማህደር እየመረመሩ ለጎልማሳ ተማሪዎች ነጥብ መስጠት ጀመሩ። በ1997 በሊዝበን የተፈረመው የትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነት በሰባተኛ ክፍሉ፣ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ማስረጃቸው ባይኖርም እንኳ የሚመዘኑበት ሥርዓት እንዲበጅ ይላል። እስራኤልም በ2007 ስምምነቱን አጽድቃለች። ቃሉ የሚናገረው ስለ ስደተኞች ነው፤ እኛ ደግሞ እዚህ የገባነው እንደ ዜጋ ነው። ዜጋ መሆን ትልቅ ጸጋ ቢሆንም፣ በሱዳን በረሃ የተቀበረው ወረቀት ግን የስደተኛ ወረቀት ነበር። የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ለስደተኞች በሚሰጠው ፓስፖርት ሁለት ገምጋሚዎች ሰውየውን ፊት ለፊት አነጋግረው፣ ያለውን ማስረጃ አይተው፣ ያመኑበትን ይጽፋሉ። ከአባቶቻችን ምስክርነት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ስናይ ገረመን።

ዲጂታል የሥራ ማህደር የሚባለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ድሮ በካርቶን ፎልደር ይታሰር የነበረው አሁን በስልክና በኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ነገር ግን ካርቶን የማይችለውን ይችላል፣ ሰው ሲሠራ ያሳያል። እኛ በቢሮአችን ይህን ከጀመርን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ስም ነው፤ የቀድሞው ስምና የአሁኑ ስም የአንድ ሰው መሆኑን በጠበቃ ፊት በቃለ መሐላ እናስጽፋለን። ሁለተኛው የዘመን መለወጫ ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ከዚያ የተገኘው ወረቀት ሁሉ፣ የደመወዝ ወረቀትና የድሮ ፎቶግራፍ ሳይቀር፣ በስልክ ይነሣል። በመጨረሻም የምስክሮች ቃልና የሥራው ቪዲዮ ይገባል።

ምስክር ማግኘቱ ከሁሉ ከባድና ከሁሉ የሚክስ ነው። በአንድ ክሊኒክ የሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በነታንያ ሌላው በክርያት ጋት ሆነው ለአርባ ዓመት ሳይገናኙ እናገኛቸዋለን። በየዓመቱ ግን ከምስክሮቹ ዝርዝር ላይ ስም እንሰርዛለን፤ ለቅሶ ሄደን ስንመለስ ነው የምንሰርዘው።

ከ2020 እስከ 2023 በጹር እስራኤል ዘመቻ የገቡት ወጣቶች ችግር መልኩ ይለያል። ስልካቸው በሰነድ የተሞላ ነው፤ ዲግሪ ያለው ብዙ ነው። ሆኖም በእጃቸው ያለው ቴምፖ ነው፤ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተከፈለ አይሰጥም፤ ትራንስክሪፕቱም ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። በ2023 በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲነሣና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጎንደር ላይ ፋይል የሚያወጣ ዘመድ ማግኘት እንኳ አልተቻለም ነበር።

ውጤቱን በተመለከተ አንዋሽም። ነርስነትም ሆነ ኤሌክትሪክ በሕግ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ቪዲዮ ፈቃድ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። አንድ መሥሪያ ቤት የላክነውን ሠላሳ ገጽ ሳይከፍተው «ዋናውን ይዛችሁ ኑ» ብሎ መልሶታል። በሌላ በኩል ሃያ ሁለት ዓመት አረጋውያንን በቤታቸው ስትንከባከብ የኖረች አንዲት እናት፣ የማይነሣ በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደምታገላብጥ የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ስናቀርብላት (የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀብለን ነው)፣ ከኮርሱ አስተማሪዎች አንዷ ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ በኋላ እናታችን የመጀመሪያውን ክፍል ሳትማር ወደ ሁለተኛው እንድትገባ ተፈቀደላት። ልዩነቱን የፈጠረው መሣሪያው አይደለም፤ አንዲት ሰው ለማየት ፈቃደኛ መሆኗ ነው። ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው አዲስ ኮምፒውተር ሳይሆን፣ የቀረበውን ማህደር የመመልከትና በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ እንዲመደብ ነው። (የይለፍ ቃሉን ለልጅ ልጃችሁ ብቻ ሰጥታችሁ አትቀመጡ፤ ልጁ ወታደር ሲገባ ማህደሩ ተቆልፎ የቀረባቸው ሁለት ሰዎች አሉን።)

ወደ ድሬሰሩ እንመለስ። ለእርሳቸው የሥራ ፈቃድ ጊዜው አልፏል። «ታዲያ ለምን ይደረጋል?» ብለን ስንጠይቃቸው «ያ መስመር ይስተካከል» አሉ። አብረዋቸው የሠሩ አንድ አባት ተገኝተው ቃላቸውን ሰጡ። እኛም የድሮው መስመር እንዲታረም አመለከትን፤ የቆየ ማህደር አይሰረዝም፣ ደብዳቤ ግን ማያያዝ ይቻላል የሚል መልስ መጣ። ደብዳቤው አሁን ከላይ ታስሯል።

ለቪዲዮው የልጅ ልጃቸውን ክንድ ዘርግተው፣ ከፋርማሲ ባመጣነው ፋሻ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን አሰሩት፤ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን እኩሌታ እየሸፈነ። እንደ ጨረሱ ልጁን «ጣትህ ይቀዘቅዛል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ከዚያ ፈተው፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፋሻውን እንደ ነበረ አጥብቀው ጠቀለሉና መለሱልን። «ንጹሕ ነው፣ እንዳትጥሉት» አሉ።